ማን ቀረ? — «ሰርጀክቲቭ» ስለተባለው ፋንክሽን ታሪክና ትርጉም

ሴት አያቴ ያረፉት እኔ የመጀመሪያ ዓመት የመንፈቅ ፈተና ላይ ሳለሁ ነበር። ለቀብሩ አልደረስኩም። ስለዚህ ለወንድ አያቴ የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በክርስትና ስማቸውም ጠርቼ «የዓመተ ማርያምን ነፍስ በገነት ያኑርልን» አልኩ። ወንድ አያቴ በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩና ፊደል ሲበደል ዝም ብለው አያልፉም። መልሳቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። «ልጄ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ነገር ግን የአያትህ ስም አመተ ማርያም ነው፤ የማርያም ገረድ ማለት ነው። አንተ የጻፍከው የማርያም ዘመን የሚል ነው። እሷ አሥራ ሦስት ወር አልነበራትም፤ ሁለት እጅ ብቻ ነበራት።»

ደብዳቤውን ለዶርም ጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ አንዳቸውም አልገባቸውም። እንዴትስ ይግባቸው? «አመተ» እና «ዓመተ» በጆሮ አንድ ናቸው። ነገሩ የተገለጠላቸው ወረቀቱን ሲያዩ ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እያጉረመረምን የምንገባበት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበረን፤ መምህሩም «ሰርጀክቲቭ» የሚል ቃል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ትርጉሙን ሲያስረዱ የአያቴ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው የሰሌዳው ቃልና የኪሴ ደብዳቤ አንድ ጥያቄ የሚጠይቁ መሆናቸውን ነው። ጥያቄው «ማን ቀረ?» የሚል ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። ሁለት ስብስቦች አሉ እንበል፤ አንደኛውን መነሻ፣ ሁለተኛውን መድረሻ እንበላቸው። ፋንክሽን ማለት ለእያንዳንዱ የመነሻው አባል ከመድረሻው አንድ፣ አንድ ብቻ፣ አባል የሚሰጥ ምደባ ነው። ለዚህ የዶርም ድልድልን ማሰብ ይበቃል። መነሻው ተማሪዎች ናቸው፤ መድረሻው አልጋዎች። አንድ ተማሪ ያለ አልጋ ከቀረ ወይም ሁለት አልጋ ከተሰጠው ድልድሉ ፋንክሽን አይባልም። ሁለት ተማሪዎች በአንድ አልጋ ካልተመደቡ ፋንክሽኑ «ኢንጀክቲቭ» ነው። ባዶ የቀረ አልጋ ከሌለ ደግሞ «ሰርጀክቲቭ» ነው። ሁለቱንም ካሟላ «ባይጀክቲቭ» ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ድልድሉ ኢንጀክቲቭ መሆኑን ለማወቅ ተማሪዎቹን «አልጋህን የሚጋራህ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሰርጀክቲቭ መሆኑን ለማወቅ ግን ተማሪዎቹን መጠየቅ አይበቃም፤ የአልጋዎቹን ሙሉ ዝርዝር ይዞ ክፍል ለክፍል መዞር ያስፈልጋል። ባዶ አልጋ አፍ አውጥቶ «እኔ ቀርቻለሁ» አይልማ!

የአያቴ ደብዳቤም የዚሁ ዘመድ ነው። ቈ፣ ኰ፣ ጐ የመሳሰሉትን ዲቃላ ፊደላት ለጊዜው እንተዋቸውና በገበታው ላይ የተለመዱትን 33 የፊደል ቤቶች እንውሰድ፤ መነሻችን እነሱ ይሁኑ። መድረሻችን ደግሞ ዛሬ አማርኛ ስንናገር ከአፋችን የሚወጡት ድምፆች ይሁኑ። «ለ» ወደ አንድ ድምፅ፣ «መ» ወደ ሌላ ድምፅ ይሄዳል። ነገር ግን ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኸ ባብዛኛው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሰ እና ሠም እንዲሁ፤ አ እና ዐም እንዲሁ፤ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ቆጥረን ብናይ 33ቱ ቤቶች በ27 ድምፆች ላይ ያርፋሉ። ከ27ቱ ድምፆች ያለ ፊደል የቀረ የለም፤ ስለዚህ ምደባው ሰርጀክቲቭ ነው። ግን ኢንጀክቲቭ አይደለም፤ አንዳንዱ አልጋ ላይ ሁለት፣ አንዱም ላይ አራት ተኝተዋል። ገረዲቱና ዘመኑ በጆሮ የተምታቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ይህ አሳብ በሒሳብ ዓለም ከየት መጣ? (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭው ታሪክ ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ፋንክሽን የሚለው ቃል የቆየ ቢሆንም ለረጅም ዘመን ማንም «መድረሻው የትኛው ነው?» ብሎ አልጠየቀውም። ሌኦናርድ ኦይለር በ1748 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ፋንክሽንን ከተለዋዋጭና ከቋሚ መጠኖች የተሠራ የሒሳብ አገላለጽ አድርጎ ነበር የተረጎመው። ለእሱ ፋንክሽን ቀመሩ ራሱ ነው። በ1837 ዲሪክሌ ከቀመሩ ባርነት አላቀቀው፤ ለእያንዳንዱ መነሻ ቁጥር አንድ የተወሰነ መልስ እስካለ ድረስ፣ መልሱ በአንድ ቀመር ተጻፈ አልተጻፈ ግድ የለም አለ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁንና ዲሪክሌም ቢሆን ዓይኑ በመነሻው ላይ ነበር፤ መልስ ስለማይደርሳቸው አልጠየቀም።

አለመጠየቁ ምን ያጎድላል? አንድ ቀላል ምሳሌ እንይ። ሕጉ «ቁጥሩን በራሱ አባዛው» የሚል ይሁን። 3 ወደ 9 ይሄዳል፤ ኔጌቲቭ 3ም ወደ 9 ይሄዳል። መድረሻው ቁጥሮች ሁሉ ናቸው ካልን ኔጌቲቭ ቁጥሮች በሙሉ ቀርተዋል፤ በራሱ ተባዝቶ ኔጌቲቭ የሚሆን በእውነተኞቹ ቁጥሮች ውስጥ የለምና። ስለዚህ ፋንክሽኑ ሰርጀክቲቭ አይደለም። አሁን አንድ ብልጥ ሰው ተነሥቶ «መድረሻዬ ዜሮና ከዜሮ በላይ ያሉት ብቻ ናቸው» ቢልስ? ሕጉ አልተለወጠም፤ አንድም ቁጥር ቦታውን አልለቀቀም። ፋንክሽኑ ግን በአንድ ጊዜ ሰርጀክቲቭ ሆነ! የቀሩት ደረሳቸው ማለት አይደለም፤ ከዝርዝሩ ተሰረዙ ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ተንኮል አትርሳት፤ ከሒሳብ ክፍል ውጭም ታጋጥምሃለች።

ጥያቄው በኀይል የተነሣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ጌኦርግ ካንቶር ማለቂያ የሌላቸውን ስብስቦች ማወዳደር ሲጀምር ነው። ካንቶር በ1877 አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አገኘ። የአንድ ቁራጭ መስመር ነጥቦችና የአንድ አራት ማዕዘን ነጥቦች አንድ ለአንድ ሊዛመዱ ይችላሉ፤ በሁለቱም ወገን የሚቀር የለም። ለወዳጁ ለሪቻርድ ዴዴኪንድ በጻፈው ደብዳቤ፣ ነገሩን በዓይኑ እያየው እንኳ ማመን እንዳቃተው ገልጿል። ውጤቱ በ1878 ታተመ። ዴዴኪንድም በበኩሉ ዛሬ ምደባ የምንለውን ነገር በ1888 ስለ ቁጥሮች ምንነት ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ በጥንቃቄ ተነተነው።

የካንቶር ዝምድና ግን ነጥቦቹን የትም የሚበትን፣ መስመሩን የሚቆራርጥ ነበር። ታዲያ ሳይቆረጥስ? መስመሩን እንደ ክር ሳንበጥሰው አራት ማዕዘኑን ልንሞላው እንችላለን ወይ? ክሩ ሳይበጠስና ሁለት ጊዜ አንድ ነጥብ ሳይነካ ይህ እንደማይሆን ኦይገን ኔቶ በ1879 ለማሳየት ሞከረ፤ ሰፊው ጉዳይ በሚገባ የተቋጨውም በ1911 በብራወር ነው። የቱሪኑ ጁዜፔ ፔያኖ ግን በ1890 በአራት ገጽ ጽሑፍ ሌላውን ወገን አሳየ። ድግግሞሹን ከታገሥነው ያልተበጠሰ መስመር አራት ማዕዘኑን አንድ ነጥብ ሳያስቀር መሙላት ይችላል! በገበሬ ቋንቋ እናስቀምጠው። ማረሻውን ከመሬት ሳያነሣ እርሻውን በሙሉ፣ አንዲት ጓል ሳይተው ያርሳል፤ ዋጋው አንዳንዱን ቦታ ደጋግሞ ማረሱ ነው። ፔያኖ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ሥዕል አላስገባም፤ በዓመቱ በ1891 ዳቪድ ሒልበርት የራሱን መስመር በሥዕል ጭምር አወጣ። የፔያኖ መስመር ሰርጀክቲቭ ነው፤ ኢንጀክቲቭ አይደለም። ልክ እንደ ፊደላችን ማለት ነው።

በዚያው በ1891 ካንቶር ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን የያዘው ተቃራኒውን ዜና ነው። ምንም ያህል ቢደከም ሊሟላ የማይችል መድረሻ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ዶርም ያለ እያንዳንዱ ተማሪ የወደዳቸውን የዶርሙን ልጆች ስም በአንድ ዝርዝር ይጻፍ፤ ደስ ያለው ራሱንም ይጨምር፣ ያላለው ይተው። አሁን እኔ አንድ አዲስ ዝርዝር አወጣለሁ። በገዛ ዝርዝሩ ራሱን ያልጻፈ ሁሉ በእኔ ዝርዝር ይገባል፤ ራሱን የጻፈ አይገባም። ይህ ዝርዝር ከተማሪዎቹ የማንኛው ነው? የበቀለ ነው እንበል። በቀለ ራሱን ጽፎ ከሆነ በእኔ ዝርዝር የለም፤ ካልጻፈ በእኔ ዝርዝር አለ። በየትም በኩል ብንመጣ የእኔና የበቀለ ዝርዝር ቢያንስ በአንድ ስም፣ በራሱ በበቀለ ስም፣ ይለያያሉ። በቀለ በሚለው ቦታ የማንንም ስም ብናስገባ ያው ነው። ስለዚህ ዝርዝሬ የማንም አይደለም። ተማሪዎቹ ማለቂያ ባይኖራቸውም ውጤቱ አይለወጥም፤ ከአባላት ተነሥቶ ሊኖሩ የሚችሉትን ዝርዝሮች ሁሉ የሚያዳርስ ፋንክሽን የለም፤ ሁልጊዜ የሚቀር አለ።

እንግዲህ አሳቡ ይህን ሁሉ ሥራ ሲሠራ ራሱን የቻለ ስም አልነበረውም። በጀርመንኛ «አውፍ»፣ በእንግሊዝኛ «ኦንቱ» እያሉ በመስተዋድድ ነበር የሚጠሩት። እኛ «ይህ ፋንክሽን ላይ ነው» ብንል የሰዋስው መምህራችን ምን ይሉን ይሆን? ስም የሰጡት ፈረንሳዮች ናቸው። በታኅሣሥ 1934 በፓሪስ አንድ ካፌ ውስጥ አንድሬ ቬይል፣ አንሪ ካርታን፣ ዣን ዲዮዶኔ፣ ክሎድ ሼቫሌ፣ ዣን ዴልሳርትና ሌሎችም ወጣት የሒሳብ መምህራን ተሰብስበው አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ በጋራ ለመጻፍ ተነጋገሩ። ሥራቸውንም ኒኮላ ቡርባኪ በሚል የፈጠራ ስም አሳተሙ። በ1954 በወጣው የስብስብ ትምህርት መጽሐፋቸው ኢንጀክሽን፣ ሰርጀክሽንና ባይጀክሽን የተባሉት ሦስት ስሞች ጎን ለጎን ቆሙ። «ሱር» በፈረንሳይኛ ላይ ማለት ነው፤ ቀሪው ክፍል መወርወር ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው። በአጭሩ «ላዩን እስኪሸፍን የተወረወረ» እንደማለት ነው።

ከስሙ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቡርባኪዎች ፋንክሽንን ሲተረጉሙ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አሠሩ፤ ምደባውን፣ መነሻውንና መድረሻውን። መድረሻው የፋንክሽኑ አካል ሆነ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ሥራው ካለቀ በኋላ የቀሩትን ከዝርዝሩ ሰርዞ «ሁሉም ተዳርሷል» ቢል ስለ ሌላ ፋንክሽን እያወራ ነው ይባላል። ከኦይለር እስከዚህ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ትምህርቱም ይኸው ነው፤ «ሁሉም» የሚል ሰው አስቀድሞ እነማንን እንደቆጠረ ይናገር።

ይህን ይዘን የፊደላችንን ታሪክ መለስ ብለን እንየው። ግዕዝ 26 ቤቶች አሉት። በጥንቱ ግዕዝ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። መድረሻው ግዕዝ በሆነበት ዘመን ምደባው ባይጀክቲቭ ነበር ማለት ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ፊደል፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ድምፅ። ከዚያ አማርኛ መጻፍ ሲጀመር መድረሻው ተለወጠ። ለዐፄ ዐምደ ጽዮንና ከእሳቸው በኋላ ለነገሡት የተዘመሩት የአማርኛ ግጥሞች ከሚታወቁት የአማርኛ ጽሑፎች ሁሉ ቀደምት ናቸው፤ ዐፄ ዐምደ ጽዮን የነገሡትም በ14ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ነው። የግዕዙ 26 ቤቶች በአማርኛ አፍ ወደ 21 ድምፆች ወረዱ። አማርኛ ደግሞ ግዕዝ የማያውቃቸው ስድስት ድምፆች ነበሩት፤ «ሻይ»፣ «ቻለ»፣ «ኛ»፣ «ዠማ»፣ «ጃን»፣ «ጨው» ስንል የምናሰማቸው። እነዚህ ስድስቱ ባዶ አልጋዎች ነበሩ። በፊትም በሰው አፍ ውስጥ ነበሩ፤ የሚቆጥራቸው ግን አልነበረም።

አባቶቻችን ታዲያ ምን አደረጉ? «የአማርኛ ድምፅ አይቈጠርም» ብለው መድረሻውን ማጥበብ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን መነሻውን አሰፉ። በሰ ላይ ቀንድ አብቅለው ሸ አሉ፤ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከከ ኸን፣ ከዘ ዠን፣ ከደ ጀን፣ ከጠ ጨን አወጡ። ሰባት ተጨመረና 26ቱ 33 ሆነ። ስማቸውን የማናውቃቸው ጸሐፍት የሠሩት ሥራ በቡርባኪ ቋንቋ ሲነገር ሰርጀክቲቭ ያልነበረን ፋንክሽን ሰርጀክቲቭ ማድረግ ነው።

ሥራው በዚያ አላበቃም። «ቪዛ»ና «ቮልት» ሲመጡ ቨ ተጨመረ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር መጽሐፎቹ በሙሉ በግዕዝ ፊደል ነበር የተጻፉት፤ ለኦሮምኛ ድምፅ የተሠራው ዸ የዚህ ዓይነቱ ማስፋት ምስክር ነው። ኦሮምኛ በ1984 ዓ.ም. የላቲንን ፊደል መርጧል፤ ይህም ለዚያው ጥያቄ የተሰጠ ሌላ መልስ ነው። በገዛ አማርኛችንም ቢሆን የቀረ አለ። «ገና» ብዬ ስጽፍ በዓሉን ነው ወይስ አልደረሰም ማለቴ ነው? «ዋና» ስል ውኃ ውስጥ ነው ወይስ አለቃ ማለቴ ነው? ማጥበቅና ማላላት በአፋችን አለ፤ በፊደላችን የለም። መድረሻችን የምንናገረው ልዩነት ሁሉ ነው ካልን እስከ ዛሬ ባዶ አልጋ አለን ማለት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ይቀራል፤ የመልሱ ጉዞ። ከፊደል ወደ ድምፅ መሄድ ቀላል ነው፤ ከድምፅ ወደ ፊደል መመለስ ግን ምርጫ ይጠይቃል። «አ» የሚል ድምፅ ሰምቼ አን ልጻፍ ወይስ ዐን? የሒሳብ ሰዎችም በዚህ ተቸግረዋል። ኤርንስት ሴርሜሎ በ1904 የምርጫ መርሕ የሚባለውን በግልጽ አወጀ፤ ከመርሑ ገጽታዎች አንዱ «ሰርጀክቲቭ በሆነ ፋንክሽን ሁሉ ለእያንዳንዱ መድረሻ አንድ መነሻ መርጦ መመለስ ይቻላል» የሚለው ነው። ብዙዎች ተቃወሙት። በርትራንድ ራስል ነገሩን በጫማና በካልሲ አስረዳ። ማለቂያ የሌላቸው ጥንድ ጫማዎች ቢኖሩህ «ግራውን ውሰድ» የሚል ሕግ ታወጣለህ፤ ካልሲ ግን ግራና ቀኝ ስለሌለው ሕግ የለህም፤ መመረጡን ዝም ብለህ መቀበል አለብህ። ኩርት ጌደል በ1938፣ ፖል ኮኸን በ1963 በሠሩት ሥራ እንደታወቀው ደግሞ ይህ መርሕ ከሌሎቹ የስብስብ ሕጎች በመነሣት የማይረጋገጥም የማይፈርስም ነው።

የእኛ ፊደላት ጫማ ናቸው ወይስ ካልሲ? አንዳንዶች «ካልሲ ናቸው፤ አንዱን እንያዝ፣ ሌላውን እንጣል፤ ለሕፃናትም ይቀላል» ይላሉ። የሚናቅ አሳብ አይደለም፤ መድረሻችን ድምፅ ብቻ ከሆነ አንድም የሚቀር የለም። ሌሎች ግን «መድረሻው ድምፅ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ትርጉምስ?» ይላሉ። ሠዓሊ ሥዕል የሚሥል ነው፤ ሰአሊ ደግሞ ለምኚ ማለት ነው። መድረሻው ትርጉም ነው ካልን ፊደል ስንቀንስ አልጋ ባዶ እናደርጋለን። ጠበኞቹ ሁለቱም ስለ አንድ ፋንክሽን የሚከራከሩ ይመስላቸዋል፤ እንደ እኔ ግን መድረሻቸው ለየቅል ነው። ክርክሩ ፍሬ እንዲያፈራ መጀመሪያ እያንዳንዱ መድረሻውን ይጻፍ።

እኔ በበኩሌ ወገኔን የመረጥኩት በሒሳብ ተረትቼ አይደለም። ሴት አያቴ ውኃ ሲቀዱ፣ እንጀራ ሲጋግሩ፣ የሰው ልጅ ጭምር ሲያሳድጉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ስማቸው ይህን ኑሮ በአንዲት አልፍ ተሸክሞት ነበር። ቄሱ በተዝካሩ ቀን ስሙን ጮክ ብለው ሲጠሩ ገረዲቱን ይሁን ዘመኑን የጠሩት ማንም በጆሮው አይለይም። ወረቀቱ ላይ ግን ይለያል። ለወንድ አያቴ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስሙን አስተካክዬ፣ ከታችም ይቅርታ ጠይቄ። የመለሱልኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር። «አሁን ደረሰች» ይላል።